የጓሮ ቦሎቄ ዘር ለምን ሳይበቅል ይቀራል?

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው ተነሥቶ በአዲስ ሥፍራ የሚቋቋም ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት ከራሱ ጉልበት የሚያገኘው ምግብ እጅግ ጥቂት መሆኑ የታወቀ ነው። የእርሻው መሬት ገና ተመንጥሮ አላለቀም፤ የእርሻ በሬ አልታደለም፣ ወይም ለብዙ አባወራ አንድ ጥማድ ደርሶታል፤ በቆሎውና ማሽላውም ቢዘራ እስኪደርስ ድረስ ወራት ይፈልጋል። በዚህ መካከል ከራሽኑ ሌላ ለቤቱ የሚደርስለት ነገር ቢኖር ከጎጆው ጀርባ በዶማ የተቆፈረችው ጓሮ ናት። ለዚህች ጓሮ ከሚታደሉት ዘሮች መካከል በአንዳንድ ሥፍራ አደንጓሬ የሚባለው ቦሎቄ ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ነው። በቶሎ ከሚደርሱት ዓይነቶች በተዘሩ በ50 ወይም በ60 ቀን ውስጥ እሸት ይለቀማል፤ በሦስት ወር ገደማ ደግሞ ደረቁ ፍሬ ይሰበሰባል። በከተማ ገበያ ፎሶሊያ እየተባለ ከነቆዳው የሚሸጠው አረንጓዴ እሸትም የዚሁ የቦሎቄ ዘመድ ሳይሆን ራሱ ቦሎቄው ነው።

ይሁን እንጂ ዘሩ ታድሎ፣ ተዘርቶ፣ ዝናቡም ዘንቦ ሳለ ጓሮው ባዶውን የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት በሚላከው ሪፖርት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ምክንያቶች አንዱ ይጻፋል፤ ወይ ዝናቡ ተቋረጠ ይባላል፣ ወይ ሠፋሪው ዘሩን ቀቅሎ በላው ይባላል። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት ናቸው። ነገር ግን ያልበቀለውን መደብ በእጅ ጫር አድርገው ሳያዩ የሚጻፉ በመሆናቸው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን ከሌለበት ሥፍራ ይፈልጋሉ። ጉዳቱ ደግሞ የአንድ ጣሳ ዘር ብቻ አይደለም። የመዝሪያው ሳምንት ካለፈ ለዚያ ዓመት አይመለስም፤ ቤተሰቡ ለተጨማሪ ወራት ራሽን ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው በሚታደለው ዘርና ዘሩን በሚያድለው ሠራተኛ ላይ የነበረውን እምነት ያጣል፤ ይህን እምነት በሚቀጥለው ዓመት ማስመለስ ከዘሩ ዋጋ ይልቅ ይከብዳል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሠፋሪው ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሠፈራ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋ፣ በጋምቤላና በጎጃም መተከል እንዲሠፍር ተደርጓል። ከዚህ ሕዝብ ብዙው በፈቃዱ ሳይሆን ተገዶ መሄዱ፣ በጉዞውና በየጣቢያው በበሽታ ያለቀውም ቀላል ቁጥር እንዳልነበረው ዛሬ የሚካድ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ደግሞ ሰውን ያንቀሳቀሰው በየክልሉ ውስጥ ነበር። በሁለቱም ጊዜ በብዙ ሥፍራ የሆነው አንድ ነገር አለ። በደጋ ያደገ ገበሬ ወደ ቆላና ወደ ወይና ደጋ ወርዶ፣ የማያውቀውን አፈር በማያውቀው ዘር እንዲያለማ ተጠይቋል።

የደጋ ገበሬ የሚያውቀው ባቄላን ነው። ባቄላ በአገራችን በአመዛኙ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ የሚበቅል ሲሆን፣ ወደ ቆላ ወርዶ ቢዘራ በቅሎ፣ ቅጠል አውጥቶ፣ አበባም ይዞ ሳለ ሙቀቱ አበባውን ያራግፈዋል። ቦሎቄ ግን ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከ1,200 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይበልጥ ይስማማዋል። ስለዚህ በቆላማ የሠፈራ ጣቢያዎች ባቄላ ቀርቶ ቦሎቄ እንዲታደል መደረጉ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ሁለቱ ፍሬዎች በመልክ የሚቀራረቡ በመሆናቸው ሠፋሪው ቦሎቄውን ልክ እንደ ባቄላው ሲዘራው፣ ልዩነቱን የሚነግረውም ሰው ሲታጣ ነው።

የሁለቱ ዘሮች አበቃቀል ፈጽሞ የተለያየ ነው። የባቄላም ሆነ የቦሎቄ ፍሬ ተከክቶ ሲታይ ሁለት ክክ ሆኖ በመካከሉ ትንሽ ፅንስ ይገኛል። ክኮቹ የፅንሱ ስንቅ ናቸው፤ ቡቃያው ሥር ሰድዶ፣ ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል ድረስ የሚኖረው ከእነርሱ ነው። ባቄላ ስንቁን ከአፈር በታች ትቶ ቀጭኑን ቡቃያ ብቻ ወደ ላይ ይልካል። ስለዚህ ጠለቅ ብሎ ቢቀበርም ይወጣል፤ ጫፉን በግ ቢበላው ወይም ውርጭ ቢመታው እንኳ ከመሬት በታች ከቀረው ጉንጉን ሌላ ቡቃያ ሊያወጣ ይችላል። ቦሎቄ ግን ስንቁን ተሸክሞ ይወጣል። በመጀመሪያ ሥሩን ወደ ታች ይሰድዳል፤ ቀጥሎ አንገቱ እንደ ማጭድ ጎብጦ በጀርባው አፈሩን እየገፋ ይወጣል፤ ሁለቱን ክኮች ከኋላው እየሳበ ከመሬት በላይ ካወጣቸው በኋላ ቀና ይልና ቅጠሉን ይዘረጋል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራው ከስንደዶ እምብዛም የማይወፍር ለጋ አንገት ነው። አፈሩ ከከበደው ወይም ከደረቀበት አንገቱ ይቀነጠሳል። አንዳንድ ጊዜም አንገቱ ብቻውን ወጥቶ ክኮቹና በመካከላቸው ያለው የቡቃያው ጫፍ ከታች ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለው ራስ የሌለው ዘንግ ለጥቂት ቀን አረንጓዴ ሆኖ ቢቆምም ቅጠል የሚያወጣበት ስለሌለው ውሎ አድሮ ይጠወልጋል። ባቄላ ሁለተኛ ዕድል አለው፤ ቦሎቄ ግን ያለው አንድ ዕድል ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የደጋው ገበሬ ባቄላውን በትኖ በማረሻ ይገለብጠዋል፤ ፍሬው ስምንትም አሥርም ሳንቲ ሜትር ቢገባ ብዙ አያሳስበውም። ይኸው ልማድ ወደ ቆላው ጓሮ ሲመጣ ቦሎቄው በዶማ በተከፈተ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበርና በላዩ አፈር ተከምሮ በእግር ይረገጣል። ለቦሎቄ የሚስማማው ጥልቀት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በከባድ አፈር ወደ 3፣ ቶሎ በሚደርቅ አሸዋማ አፈር ወደ 5 ማድረግ ይገባል። በሜዳ መለኪያ ለሌለው ሰው የሁለት ጣት ውፍረት ያህል ቢባል ይበቃል። አፈሩን በእግር መርገጥም ይቅር፤ ፍሬው ከአፈሩ ጋር እንዲገናኝ በመዳፍ ጫን ማድረግ ይበቃዋል።

ከጥልቀቱ ቀጥሎ የሚያስቸግረው የአፈሩ ቅርፊት ነው። የቆላ ዝናብ ሲወርድ ከብዶ ይወርዳል፤ ወዲያው ደግሞ ኃይለኛ ፀሐይ ይከተለዋል። በተለይ በደንብ የለሰለሰ ቀይ አፈር በዚህ ጊዜ ፊቱ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ዘሩ ከተዘራ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እንዲህ ያለ ቅርፊት ከታየ በጭራሮ ወይም በእሾሃማ ቅርንጫፍ በስሱ ጫር ጫር ማድረግ ቡቃያውን ያድነዋል። አንገቱ ብቅ ማለት ከጀመረ በኋላ ግን መጫሩ ራሱ አንገት ቀንጣሽ ይሆናልና፣ ያን ጊዜ የሚሻለው በቅጠል ውሃ እየረጩ ቅርፊቱን ማለስለስ ነው። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሁለት ፍሬ መጣልም ይረዳል፤ አንዱ ብቻውን የማያነሣውን ቅርፊት ሁለቱ ተጋግዘው ያነሡታል። መደቡን በስሱ ሣር ማልበስ ከዝናቡ ምት ይከላከላል፤ ነገር ግን ምስጥ በበዛበት እንደ አሶሳ ባለ አካባቢ ደረቅ ሣር ምስጥ ስለሚጠራ ማስተዋል ያሻል። ሣሩም ቡቃያው እንደ ታየ መነሣት አለበት።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ውሃ ነው፤ እዚህ ላይ ችግሩ ከሚጠበቀው ተቃራኒ ሆኖ ይገኛል። በዝናብ እጦት ምክንያት አገሩን የለቀቀ ገበሬ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ድርቅን ነው። ስለዚህ ጓሮውን ውሃ ከሚያቁርበት ረባዳ ሥፍራ ይመርጣል፤ ዝናቡም ገና እንደ ጀመረ በጭቃው ላይ ይዘራል። ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ግን በአመዛኙ ዝናበ ብዙ ነው፤ በፓዊ አካባቢ ለምሳሌ በዓመት የሚወርደው ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በዚያ አገር የቦሎቄን ዘር የሚያጠፋው ከውሃ ማነስ ይልቅ የውሃ መብዛት ነው። ፍሬው ለመብቀል የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው አየር ነው። የበቀለ ዘር እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ይተነፍሳል፤ የአፈሩ ቀዳዳ ሁሉ በውሃ ከተሞላ ታፍኖ ይሞትና ይበሰብሳል።

ይህን ለሠፋሪዎች ለማስረዳት ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። ለጠላ ብቅል የምታዘጋጅ ወይም ለጾም የባቄላ በቆልት የምትሠራ እመቤት ሁሉ ነገሩን ታውቀዋለች። እህሉን በውሃ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ውሃውን አጥልላ በቅጠል ወይም በጨርቅ ትሸፍነዋለች እንጂ ውሃው ውስጥ አትተወውም፤ ብትተወው ይኮመጥጣልና። የጓሮውም መደብ እንደ ጠለለ እህል ርጥብ እንጂ በውሃ የተዋጠ መሆን የለበትም። አንዲት ጭብጥ አፈር ጨምቆ ማየት ይበቃል፤ ውሃ ከጣት መካከል ከወጣ ለመዝራት ገና ነው፤ ተጨብጦ ቅርጹን ይዞ፣ ነካ ሲደረግ የሚፈርስ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ውሃ በሚተኛበት መሬት ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ በመካከሉ ቦይ ማውጣት የግድ ነው። ዝናቡ በሚረዝምበት አገር የሚዘሩበትን ጊዜ ጥቂት ማዘግየት ሌላም ጥቅም አለው፤ ፍሬው ዝናቡ ሲቆም ስለሚደርስ በቆዳው ውስጥ አይሻግትም፤ ለከርሞ ዘር የሚሆን ንጹሕ ፍሬም ይገኛል።

ዘሩን ከመዝራት በፊት ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር በአንዳንድ ጣቢያ እንደ ብልሃት ሲመከር ይሰማል። ለቦሎቄ ይህ ምክር ጉዳቱ ያመዝናል። በጣም የደረቀ ፍሬ በድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ክኩ ከውስጥ ይሰነጣጠቃል፤ በተለይ ቆዳቸው ስስ የሆኑት ነጫጭ ዓይነቶች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። አፈሩ በልኩ ርጥብ ከሆነ ፍሬው የሚፈልገውን ውሃ ቀስ በቀስ ራሱ ይስባል።

ሙቀትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የአፈሩ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ቦሎቄ ባንድ ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን እጅግ ይዘገያል፤ የዘገየ ዘር ደግሞ የትልና የሻጋታ ቀለብ ነው። በደጋ ጣቢያ በክረምት ብርድ ቦሎቄ ዘርቶ አልበቀለም ማለት እንግዲህ ዘሩን መክሰስ አይሆንም፤ በዚያ ቦታ መታደል የነበረበት ባቄላ ነው።

እንግዲህ መደቡ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ምን ይደረግ? መልሱ ቆፍሮ ማየት ነው። ዘሩ ከተዘራ ከስምንትና ከዘጠኝ ቀን በኋላ ምንም ካልታየ ከአምስት ከስድስት ሥፍራ አፈሩን በጣት ገለጥ አድርጎ መመልከት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ የሚገኘውም ነገር ራሱ ይናገራል። ፍሬው ጨርሶ ከሌለ ዶሮ፣ ጅግራ፣ ቆቅ ወይም አይጥ ወስዶታል፤ ወይም ከመጀመሪያውም አልተዘራም። ፍሬው ለስልሶ የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታል፣ አለዚያም ሞቶ የተዘራ አሮጌ ዘር ነው። እንደ ጠጠር ጠንክሮ፣ ሳያብጥ ከተገኘና አፈሩ ደረቅ ከሆነ ርጥበት አላገኘም፤ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ፍሬው ብቻ ከጠነከረ ግን ከመጠን በላይ ደርቆ ቆዳው ውሃ አላስገባ ያለ ዘር ነው፤ እንዲህ ያለው ውሎ አድሮ ሊበቅል ስለሚችል መደቡን አለመገልበጥ ይሻላል። አንገቱ ወጥቶ ከቅርፊቱ በታች ተጠቅልሎ ከተገኘ ጥፋቱ የጥልቀቱ ወይም የቅርፊቱ ነው። አንገቱ ወጥቶ ራሱ ከጠፋና ክኮቹ ተለያይተው ከቀሩ ደግሞ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት በአያያዝ ተሰብሯል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ቡቃያው በደህና ወጥቶ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ቢጫ ሆኖ ከወደቀ ነገሩ የአበቃቀል ሳይሆን የቦሎቄ ዝንብ ትል ነው፤ ግንዱ ከመሬት አጠገብ አብጦ ሲሰነጠቅ ትሉ ወይም ሙሽራው ከውስጥ ይታያል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ አጠቃሎ «አልበቀለም» ብሎ መጻፍ መድኃኒቱን ማሳት ነው።

እስካሁን የተነገረው በገበሬው እጅ ያለውን ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የመጋዘኑና የአዳዩ ድርሻ ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር ከበደሉ የሚበዛው በዚህ በኩል ነው።

ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ መጋዘን ውስጥም ሆኖ ያረጃል። የዘር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ ደንብ አለ፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ርጥበት በመቶ አንድ እጅ በቀነሰ ቁጥር፣ እንደዚሁም የመጋዘኑ ሙቀት በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ያህል ይረዝማል። ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው። በቆላ አገር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከዝናብ በኋላ በረጠበ ወለል ላይ የተከመረ ጆንያ በየሳምንቱ እያረጀ ነው። በደጋ መጋዘን ዓመት የሚቆይ ዘር እዚያ ጥቂት ወራት ብቻ ሊጸና ይችላል። ስለዚህ ዘር ወደ ጣቢያው የሚላከው መዝሪያው ሲቃረብ እንጂ የትራንስፖርት ባዶ ቦታ በተገኘ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ጆንያውም በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ።

ቦሎቄ መወርወርም አይወድም። በደንብ የደረቀ ፍሬ ከመኪና ላይ ወደ ሲሚንቶ ወለል ሲጣል፣ ወይም በበሬ ሲወቃ፣ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ክኩ ከፅንሱ ይላቀቃል። ወዛደሩ ጆንያውን እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ከወረወረው፣ ሠፋሪው የሚዘራው ለወጥ እንጂ ለዘር የማይሆን እህል ነው። ነቀዝም ሌላው ጠላት ነው። የቦሎቄ ነቀዝ በፍሬው ውስጥ ተፈልፍሎ ክብ ቀዳዳ አበጅቶ ይወጣል፤ የበላውም የፅንሱን ስንቅ ነው። አንዲት ቀዳዳ ያለባት ፍሬ ልትበቅል ትችል ይሆናል፤ ሁለትና ሦስት ያለባት ግን ብትበቅልም ጉልበት አይኖራትም።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ማንኛውም የዘር ክምችት ከመታደሉ በፊት አበቃቀሉ መፈተን አለበት። ለዚህ ላቦራቶሪ አይጠበቅም። ከተለያዩ ጆንያዎች፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም እየዘገኑ ከቀላቀሉ በኋላ፣ ሳይመርጡ 100 ፍሬ ይቆጠራል። መምረጥ ራስን ማታለል ነው፤ የተቦጫጨቀውም የተቀዳደደውም እንደ አጋጣሚው ይግባ። ፍሬዎቹ በንጹሕ ርጥብ ጨርቅ ላይ ሳይነካኩ ተደርድረው ይጠቀለላሉ፣ ወይም በሣጥን በተሞላ ርጥብ አሸዋ ይዘራሉ፤ ከፀሐይ ርቀው ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጣሉ፤ በየቀኑ ይታያሉ፤ ጨርቁ ርጥብ እንጂ ውሃ የሚንጠባጠብ አይሁን። የመጀመሪያው ቆጠራ በአምስተኛው ቀን፣ የመጨረሻው በዘጠነኛው ቀን ይደረጋል። መቆጠር ያለበት ሥሩም አንገቱም ቡቃያውም ደህና የሆነው ብቻ ነው፤ ሥር አውጥቶ ራሱ የተሰበረው በቀለ አይባልም። ይህን ሥራ ከጣቢያው እናቶች መካከል ብቅል በማብቀል ለታወቁት መስጠት ይቻላል፤ ከብዙ ሠልጣኝ ይልቅ እነርሱ በትክክል ያደርጉታል።

የተገኘው ቁጥር ለአዳዩ ውሳኔ መሠረት ነው። አንድ ቤተሰብ 100 ካሬ ሜትር ጓሮ ቢኖረውና በመሥመሮች መካከል 40፣ በፍሬዎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ቢተው፣ በልማድ ሁለት ስንዝርና ግማሽ ስንዝር መሆኑ ነው፣ 2,500 ተክል ይይዛል። ከትንንሾቹ ነጫጭ ዓይነቶች 100 ፍሬ 20 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሁሉም ቢበቅል ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ከመቶ 90 የሚበቅል ዘር ከሆነ 560 ግራም ያህል፣ 60 ብቻ የሚበቅል ከሆነ ግን ከ830 ግራም በላይ መታደል አለበት። ፍሬያቸው ትልልቅ የሆኑትን ደግሞ ለዚያው ጓሮ ከእጥፍ በላይ መስጠት ይገባል። ለሁሉም ዓይነት አንድ ጣሳ ብሎ መስፈር ለአዳዩ ይቀልለዋል እንጂ ለጓሮው አይመጥነውም። ከመቶ ግማሹን እንኳ የማያበቅል ክምችት፣ መድኃኒት ያልነካው ከሆነ፣ ወደ ምግብ ማደያው ተዛውሮ በምትኩ ሌላ ዘር ቢፈለግ ይሻላል። ለዚህ ውሳኔ ጊዜ እንዲኖር ፈተናው ከመዝሪያው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መደረግ ይኖርበታል።

መድኃኒት ያልነካው ከሆነ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ለዘር የተዘጋጀ እህል ከሻጋታና ከተባይ እንዲጠበቅ በመርዝ ታሽቶ ቀይ ወይም ሌላ ቀለም ይቀባል። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻና በ1972 መጀመሪያ በኢራቅ ከድርቅ በኋላ ለገበሬዎች የታደለ የስንዴ ዘር ሜርኩሪ ባለበት መድኃኒት የታሸ ነበር። ዘሩ በብዙ ሥፍራ የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ደረሰ፤ በከረጢቱ ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ በእስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ገበሬው አላነበበውም፤ ቀለሙ በውሃ ሲታጠብ ስለ ለቀቀ ብዙዎች መርዙም አብሮ የለቀቀ መስሏቸው ጋግረው በሉት። ከ6,500 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነዚህም 459 በሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። ዛሬ ዘር በሜርኩሪ ታሽቶ ባይታደልም፣ በሌሎቹ መድኃኒቶች የታሸ ዘርም ለሰውም ለዶሮም ምግብ አይሆንም። እንዲህ ያለ ዘር ሲታደል በቃል፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ለባልም ለሚስትም መነገር አለበት። ድስቱን የምትጥደው በስብሰባው ያልነበረችው ከሆነች ለአባወራው ብቻ መናገር በቂ አይደለም።

ዘሩን በላው የሚለው ክስም ከዚህ ጋር መታየት ያለበት ነው። ራሽን ለሦስት ሳምንት የተቋረጠበት ቤት ውስጥ አንድ ኪሎ ቦሎቄ ተቀምጦ ልጆች ጦማቸውን አያድሩም። ይህ ጥፋት ነው ከተባለ የዕቅዱ ጥፋት ነው። የዘር እደላው ከራሽኑ ጋር በአንድ ቀን፣ ቢቻል ራሽኑ ቀድሞ እንዲሆን ተደርጎ ከታቀደ ዘሩ ከአፈር የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል። መዝሪያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚሰጥ ዘር ደግሞ ወር ከሚቀረው ይልቅ ሳይበላ ይደርሳል።

በመዝሪያው ቀን ለሠፋሪው የሚነገረው ብዙ መሆን የለበትም። የተሰበረውንና የተነቀዘውን ፍሬ ለይቶ ያውጣ፤ አፈሩን ጨምቆ ይይ፤ ሁለት ጣት ያህል ያግባ፤ በእግሩ አይርገጥ፤ ከዘሩ አንድ እፍኝ አስቀርቶ በጎጆው ያኑር። ቡቃያው መታየት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ ሳምንት ድረስ በዚህ እፍኝ ክፍተቱን ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጣለው በታላላቆቹ ጥላ ሥር ስለሚቀር ብዙ አይረባም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ጓሮውን ከዶሮና ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ ካለ የዘሩ ግማሽ ዳነ ማለት ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ጣቢያ ጎረቤታሞች በየተራ ቢጠብቁ ወይም መደቡን በእሾህ አጥር ቢከልሉት ይሆናል።

መኸሩ ሲደርስ ለከርሞ የሚሆነው ዘር ከወደቀው ከተረፈው ሳይሆን ገና በማሳ ሳለ ከጤነኞቹና ብዙ ፍሬ ከያዙት ተክሎች ተለይቶ ይለቀም። ከነቆዳው በጥላ ሥር ይድረቅ፤ በእጅ ይፈልፈል እንጂ በዱላ አይወቃ። በጥርስ ሲነከስ ምልክት ብቻ የሚያሳይ፣ የማይደቅቅም የማይለመጥም ሲሆን ደርሷል። ከዚያም ለአንድ ኪሎ ፍሬ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሮ እያንዳንዱ ፍሬ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ማሸት ነቀዙ እንዳይራባበት ያደርጋል፤ አበቃቀሉንም ይህን ያህል አይጎዳውም። ዘይት ከሌለ የተነፋ ደረቅ አመድ ይቀላቀልበት። አፉ በደንብ በሚገጥም ቅል ወይም ጀሪካን ተደርጎ፣ ከምድጃው ሙቀትና ከጣሪያው ርቆ፣ ቀዝቀዝ ባለው የቤቱ ጥግ ይቀመጥ።